ራዲያተሩ ሳይፈላ
የመኪናን ማቀዝቀዣ በግቢ አውልቆ ስለማጠብ

በቤተሰብ ዓምድ ላይ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ልብስ አያያዝና ስለ ጓዳ ንጽሕና ማንበብ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ከጓዳው ወጥተን ወደ ግቢው እንዝለቅና ስለ መኪና ጥቂት እንነጋገር። «መኪና የወንዶች ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን ለመግለጥ ካሰቡ እባክዎ ጥቂት ይታገሡን። ጧት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራው የሚጣደፈው ማን ነው? በሌሊት ሕፃን ቢታመም ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውስ? በብዙ ቤት መሪውን የሚይዙት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ባለቤትዎ ወይም ወንድምዎ ቢይዙት እንኳ ልጆችዎ የሚቀመጡት በዚያው መኪና ውስጥ ነው። እንግዲህ የመኪናው ጤንነት የመላው ቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው በከተማችን የሚሽከረከሩት አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች ኮሮላ ዛሬም ልጆች ታመላልሳለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችው አሮጌ መኪና ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አግኝታለች። መጠበቅና መንከባከብ የግድ ነው። ከእንክብካቤዎቹም ሁሉ በቀላሉ የሚዘነጋው፣ ሲዘነጋም ከፍተኛ ኪሣራና አደጋ የሚያስከትለው የራዲያተር እጥበት ነው። የተደፈነ ራዲያተር ሞተር ያቃጥላል፤ የፈላ ራዲያተር ደግሞ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላልና ያገራችን ሰው፤ አንድ የቅዳሜ ጧት ሰውተን ይህን አደጋ እንዴት እንደምናስቀር ከዚህ በታች በተራ እንመልከት።

ራዲያተር ምን ይሠራል?

ሞተር ነዳጅ እያቃጠለ ይሠራል። ከቃጠሎው ከሚገኘው ሙቀት ጎማውን ወደ ማሽከርከር የሚለወጠው ከፊሉ ብቻ ሲሆን የቀረው መውጫ ይፈልጋል። በሞተሩ ግድግዳዎች ውስጥ የሚዞረው ውኃ ይህን ሙቀት ተሸክሞ በላይኛው የጎማ ቱቦ በኩል ወደ ራዲያተሩ ይመጣል። በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲወርድ ከፊት የሚመጣው ነፋስና ማራገቢያው ያቀዘቅዙታል። ከዚያም በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ቴርሞስታት የምትባለው ትንሽ በር ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃውን አግዳ ትይዝና አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሲደርስ ትከፍትለታለች። ቮልስ ብለን የምናውቃት የድሮዋ ፎልክስቫገን በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ በመሆኗ ራዲያተር የላትም፤ ይህ ጽሑፍ እርሷን አይመለከትም።

እዚህ ላይ እናቶች ከማንም በተሻለ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በከተማችን የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽምብራና ባቄላ ከቆላው ይልቅ በእኛ ዘንድ ለመብሰል የሚዘገዩት በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያዩ። ቴርሞስታቷ እስከ 90 ዲግሪ ድረስ የምትጠብቅ ከሆነና ውኃው በ92 ዲግሪ የሚፈላ ከሆነ በመካከሉ የቀረው ልዩነት የሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በእንፋሎት ታፍኖ እንደሚያበስለው ድስት ክዳን ሆኖ ውኃውን በግፊት ይይዘዋል። በላዩ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ደኅና ክዳን በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ድረስ እንዳይፈላ ያደርጋል። በመሆኑም የክዳኑ ጎማ የተሰነጠቀ ወይም ምንጩ የላላ እንደሆነ ራዲያተሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ውኃው ይፈላል። አዲስ ክዳን ሲገዙ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ለምን ይደፈናል?

ማንቆርቆሪያዎን ወደ ውስጥ ይመልከቱት። ከታቹ የተለበጠው ነጭ ቅርፊት ውኃው ይዞት የመጣው የኖራ ዘር ነው። በራዲያተርም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ በአብዛኛው ከዝናብ ውኃ የበለጠ ማዕድን ስለሚይዝ ቅርፊቱ ይበዛል። በዚህ ላይ ከሞተሩ ብረት የሚነሣው ዝገት ይጨመርበታል። ሁለቱ ተባብረው ከእርሳስ የማይወፍሩትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ከውጭ ደግሞ አቧራ፣ ጭቃ፣ የሞቱ ነፍሳትና የዘይት እድፍ በቀጫጭን ክንፎቹ መካከል ተሰግስገው ነፋሱን ያግዱታል።

ሥራው ለእርስዎ ነው ወይስ ለመካኒክ?

የሚከተሉትን ካዩ የእጥበቱ ጊዜ ደርሷል፤ ውኃው ቡናማ ሆኖ የዝገት አተላ ሲታይበት፣ የሙቀት መርፌው በዳገት ወይም በመኪና መጨናነቅ ጊዜ ከልማዱ በላይ ሲወጣ፣ እንዲሁም ከፊት ሲታይ የራዲያተሩ ክንፎች በቆሻሻ ተሸፍነው ሲገኙ።

በሚከተሉት ሁኔታዎች ግን እጅዎን ሰብስበው ወደ ባለሙያ ይሂዱ። አንደኛ፤ ውኃው ወተት እንደገባበት ቡና ከመሰለ ወይም ዘይት ከሰፈፈበት በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል እጥበት አይፈውሰውም። ሁለተኛ፤ ማርሹ አውቶማቲክ በሆነ መኪና ብዙውን ጊዜ የማርሽ ዘይት የሚቀዘቅዝባቸው ሁለት ቱቦዎች ከራዲያተሩ ጋር ይገናኛሉ፤ እነርሱን መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው። ሦስተኛ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎችም የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ አላቸው፤ ነገር ግን ብርቱካናማ ቀለም ባላቸው ገመዶቻቸው ውስጥ ሰው የሚገድል ኃይል ስለሚያልፍ በቤት ውስጥ አይነኩም።

ከመጀመርዎ በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናው ማደር አለበት። ማታ የቆመ መኪና ጧት ይሠራል እንጂ ከገበያ ሲመለሱ ኮፈን ከፍቶ መጀመር ፈጽሞ አይገባም። ምክንያቱም በክዳኑ ታፍኖ የተቀመጠ ትኩስ ውኃ ክዳኑ ሲከፈት በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥም ከ1,600 ጊዜ በላይ ስለሚሰፋ የፈላውን ውኃ ይዞ ወደ ሰው ፊት ይወረወራል።

መኪናውን በሜዳ ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙና ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ያስገቡ። ቀጥሎ የባትሪውን የኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በድንገት ሊነሣና ጣት ሊቆርጥ ስለሚችል ይህን እንደ ቀላል ነገር አይዩት። ነጠላና ሻሽ ያውልቁ፤ ጸጉርዎን ይሰብስቡ። ሕፃናትና ውሻ ከግቢው ወደ ቤት ይግቡ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም። አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ ባለ 10 እና ባለ 12 የብሎን መፍቻ፣ አሮጌ ሳፋ፣ የጎማ ጓንት፣ ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የውኃ ጎማ፣ ብሎኖች የሚቀመጡባቸው ሁለት ጣሳዎችና አሮጌ ጋዜጣ ይበቃሉ። ከዚህም በተጨማሪ ማንኛውንም ቱቦ ወይም ገመድ ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሱት። መልሶ ሲገጣጠም «ይህ የት ነበረ?» የሚለው ጭንቀት በዚህ ይቀራል።

ውኃውን ስለማፍሰስ

ራዲያተሩ መብረዱን በመዳፍዎ ካረጋገጡ በኋላ በክዳኑ ላይ ወፍራም ጨርቅ አድርገው እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ድረስ ብቻ በቀስታ ያዙሩት። የሚተነፍስ ነገር ከሌለ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት። በመኪናው ውስጥ ያለውን የማሞቂያ መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ ያዙሩት። ሳፋውን ከሥር አስቀምጠው በራዲያተሩ ታች በኩል ያለውን ማፍሰሻ ይፍቱ። ማፍሰሻው ፕላስቲክ ሆኖ የደረቀ ከሆነ ቢታገሉት ይሰበራልና ይተዉት፤ የታችኛውን የጎማ ቱቦ በማላላት ማፍሰስ ይቻላል። ከትንሽ መኪና በጠቅላላው ከ5 እስከ 7 ሊትር ያህል ሊወጣ ይችላል። ያ ሳፋ ከዚያ ወዲያ ለልብስም ሆነ ለሊጥ እንደማያገለግል ከወዲሁ ይወቁት።

ስለማውለቅ

በመጀመሪያ የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ፣ መካኒኮች ማኒኮቶ የሚሉትን፣ የያዙትን ማጥበቂያዎች በካቻቪቴ ወይም በፒንሳ ያላሉ። ቱቦው አልላቀቅ ካለ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ ያባብሉት። በብረት መፈልቀቅ የራዲያተሩን አንገት ይሰብራል። ቱቦው ያረጀና የሚቀየር ከሆነ በቁመቱ በቢላ ሰንጥቆ ማውጣት ይሻላል። ቀጥሎ ወደ ትርፍ ውኃ መያዣው የምትሄደዋን ቀጭን ቱቦ ይንቀሉ። የማራገቢያውን ገመድ ከመሰኪያው ይንቀሉና ማራገቢያው ከነማቀፊያው በራዲያተሩ ላይ የታሰረ እንደሆነ ብሎኖቹን ፈተው ያውጡት።

በመጨረሻ ራዲያተሩን ከመኪናው አካል ጋር ያያዙትን ብሎኖች ይፍቱ። በብዙ መኪና ሁለት ወይም አራት ናቸው። ከዚያም በሁለት እጅ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡት። ክንፎቹ እንደ ወረቀት የሳሱ ስለሆኑ በጣት መጫን አይገባም፤ የሚያዘው ዳርና ዳሩን ነው። ከሥሩ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ የጎማ መደገፊያዎች እንዳይጠፉ ጣሳው ውስጥ ያኑሯቸው። መኪናው የአየር ማቀዝቀዣ ካለው ከፊት ሌላ ራዲያተር መሰል ዕቃ ያያሉ። በውስጡ በግፊት የታፈነ ጋዝ ስላለ ቱቦዎቹን ጨርሶ አይንኩ።

ስለማጠብ

ከውጭ እንጀምር። ራዲያተሩን በለስላሳ ነገር ላይ አቁመው ለብ ባለ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ያርሱት፤ ብሩሹም ክንፎቹን ተከትሎ ይሂድ እንጂ አያቋርጣቸው። ከዚያም ውኃውን በሞተሩ በኩል ከነበረው ፊት ወደ ውጪኛው ፊት ይልቀቁ፤ ቆሻሻው በገባበት ይወጣል። መኪና አጣቢዎች የሚጠቀሙበት ኃይለኛ የግፊት ውኃ ክንፎቹን ስለሚያስተኛ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ውስጡ ነው። የታችኛውን አንገት በጨርቅ ደፍነው ግማሽ ድረስ ውኃ ይሙሉበት፤ ወደ ጎንና ወደ ጎን ያናውጡትና ይድፉት። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙ። በመቀጠልም ራዲያተሩን ገልብጠው የውኃውን ጎማ በታችኛው አንገት ያስገቡና ዙሪያውን በጨርቅ ጠቅልለው በመካከለኛ ግፊት ይልቀቁት። ውኃው ከወትሮው መንገድ በተቃራኒ ስለሚሄድ የተቀረቀረውን ዝገት እየገፋ በላይኛው አንገት ያወጣዋል። ጥርት ያለ ውኃ እስኪወጣ ድረስ ይቀጥሉ።

ቅርፊቱ ጠንካራ ከሆነ ለራዲያተር ተብሎ የተሠራ ማጽጃ ከመለዋወጫ መደብር ገዝቶ በላዩ በተጻፈው መሠረት መጠቀም የተሻለ ነው። እርሱ ካልተገኘ ነጭ ኮምጣጤ ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅለው ለግማሽ ሰዓት ያህል በውስጡ ያቆዩና በብዙ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁት። ከዚህ አልፎ በረኪና፣ የመጸዳጃ ቤት አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳ ወይም የባትሪ አሲድ ማስገባት ክልክል ነው። አዳዲሶቹ ራዲያተሮች ከአሉሚኒየም የተሠሩ ስለሆኑ በእነዚህ ነገሮች ይበላሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በረኪና ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ለራዲያተር ብቻ ሳይሆን ለመታጠቢያ ቤት ጽዳትም የሚሠራ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ያስታውሱ።

እጥበቱ መሳካቱን በሁለት መንገድ መመርመር ይቻላል። አንደኛ፤ አንድ ጣሳ ውኃ በላይኛው አንገት ሲያፈሱበት በታችኛው ሳያመነታ ከወረደ ተከፍቷል። እየተንጠባጠበ ከሄደ ወይም ባዶውን ሲያነሡት አሁንም ከበደ ካለ ቱቦዎቹ እንደተዘጉ ናቸውና ወደ ራዲያተር ጠጋኝ ይውሰዱት። ሁለተኛ፤ አንገቶቹን ደፍነው ውኃ ይሙሉበትና ውጪውን አድርቀው በደረቅ ጋዜጣ ላይ ለአንድ ሰዓት ያቁሙት። ጋዜጣው ላይ የራሰ ነጥብ ከታየ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳ እንዲደፍን ተብሎ ቂንጬ ወይም እንቁላል የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ይህ የሚደፍነው ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ደኅነኞቹን ቱቦዎች ጭምር ስለሆነ አይሞክሩት።

መልሶ ስለመግጠምና ስለመሙላት

ሲፈቱ የሄዱበትን መንገድ ወደ ኋላ ይመለሱበት። በመጀመሪያ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይፈትሹ። የተሰነጠቀ፣ እንደ ቆርበት የደረቀ ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ ቱቦ አይመለስም። ማጥበቂያዎቹ ጠበቅ ይበሉ እንጂ ቱቦውን እስኪቆርጡ አይታሰሩ። የባትሪው ገመድ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው።

አንዳንድ መካኒክ «ሞተሩ እንዳይሞቅ» በማለት ቴርሞስታቷን አውጥቶ ሊጥላት ይፈልጋል። ይህ ልማድ በከተማችን እጅግ የተስፋፋ ቢሆንም ጠቃሚ አይደለም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ወደ ተገቢው ሙቀት ለመድረስ ስለሚዘገይ ነዳጅ ያባክናል፤ የሞተሩም ክፍሎች ቶሎ ይበላሉ። የተበላሸችው በአዲስ ትተካ እንጂ ቦታዋ ባዶ አይቅር።

ምን እንሙላበት? ለራዲያተር ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ፣ በተለምዶ ኩላንት የምንለው፣ በአገራችን ውርጭ ስለሌለ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ውርጭን መከላከል አንዱ ጥቅሙ ብቻ ነው። ዝገትን ይከለክላል፤ የውኃውን መፍያ ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ሳይበረዝ የተሸጠ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከእኩል ንጹሕ ውኃ ጋር ይቀላቀላል፤ ተዘጋጅቶ የተሸጠ ከሆነ እንዳለ ይጨመራል። ውኃው የተጣራ፣ ዲስቲልድ የሚባለው ቢሆን ይመረጣል። ሆኖም የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ጀሪካን ስለሚሸጥ በላዩ የተጻፈውን ሳያነቡ አይግዙ። ሁለት ዓይነት ኩላንት መደባለቅ አይገባም፤ ቀለማቸው አንድ መሆኑም ዓይነታቸው አንድ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ለመኪናዎ የሚስማማውን ዓይነትና የሚለወጥበትን ጊዜ የመኪናው መምሪያ መጽሐፍ ይነግርዎታል።

ሲሞሉ በቀስታ ይሁን፤ አየር ታፍኖ እንዳይቀር። ክዳኑ ሳይዘጋ፣ ማሞቂያው ወደ ሙቅ እንደዞረ ሞተሩን ያስነሡ። አረፋው እየወጣ ውኃው ሲጎድል ይጨምሩ፤ ፊትዎንም ከአንገቱ በላይ አያድርጉ። አረፋው ቆሞ የላይኛው ቱቦ መሞቅ ሲጀምር ክዳኑን ይዝጉ። የትርፍ ውኃ መያዣውን በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሙሉ። ሞተሩ ሙቀቱ እስኪስተካከል ድረስ ይሥራና መርፌውን ይከታተሉ፤ ከሥር የሚንጠባጠብ መኖሩንም ይመልከቱ። በማግስቱ ጧት ሲበርድ እንደገና ተመልክተው የጎደለውን ይሙሉ።

የወጣው ፈሳሽ ለሕፃናት መርዝ ነው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቁም ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። በአብዛኛው ኩላንት ውስጥ የሚገኘው ኤቲሊን ግላይኮል የተባለው ንጥረ ነገር ጣፋጭ ጣዕም አለው። ቀለሙም አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ስለሚሆን ለሕፃን ዓይን እንደ ለስላሳ መጠጥ ይታያል። ጥቂት ጉንጭ ሕፃንን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የጠጣው ልጅ በመጀመሪያ የሰከረ ይመስላል፣ ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል፤ ቆይቶም ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል። በመካከሉ ልጁ የተሻለው መስሎ መታየቱ ወላጆችን ሊያታልል ይችላል።

ስለሆነም የተረፈውን ኩላንት በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ ከቶ አይገባም። ይህ ልማድ በየቤቱ አለ፤ ጋዝም በረኪናም በውኃ ጠርሙስ ይቀመጣል። ኩላንት በገዛ ዕቃው፣ በላዩ «መርዝ» ተብሎ ተጽፎበት፣ በተቆለፈ ስፍራ ይቀመጥ። በሳፋ ያለውን አሮጌ ፈሳሽ ወዲያውኑ በጀሪካን ገልብጠው ይክደኑት። በቦይ ወይም በሣር ላይ አይድፉት፤ ውሻና ከብት ይልሱታል፤ ወንዝም ይገባል። የተቃጠለ ዘይት አጠራቅሞ ወደሚያስወግድ ጋራዥ መውሰድ ይሻላል። መሬት ላይ የፈሰሰውን በአሸዋ ወይም በመጋዝ ብናኝ አድርቀው ይጥረጉት።

ልጅ ጠጥቶ ቢገኝ ወይም መጠጣቱ ቢያጠራጥር እንኳ ወተት፣ ሎሚ ወይም ፌጦ በመስጠት ጊዜ አያባክኑ፤ እንዲያስመልሰውም ጣት አያስገቡ። ዕቃውን ይዘው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሕክምናው ቶሎ ከተጀመረ ልጁን ማዳን ይቻላል።

በመንገድ ላይ ቢፈላ

ወደ እንጦጦ ሲወጡ፣ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን አቀበት ሲወጡ፣ ወይም በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆሙ መርፌው ወደ ቀይ ቢጠጋ የአየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ሙቀቱ በእርሱ በኩል ስለሚወጣ ጥቂት ፋታ ይሰጣል። መርፌው ካልወረደ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። «እቤት ድረስ ልድረስ» ማለት ቴስታታውን ያጣምማል፤ የሁለት ኪሎ ሜትር ጉዞ የሞተር ማሠሪያ ያስወጣል። ልጆቹን በእግረኛ መንገድ በኩል ያውርዱና ከመኪናው ያርቁ። እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ ኮፈኑንም አይክፈቱ። ክዳኑን ለመንካት ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ፣ የላይኛውም ቱቦ ሲነካ መብረዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በመንገድ ላይ «እኔ ልክፈትልሽ» የሚል ደግ ሰው ቢመጣም እርሱንም ይከልክሉት፤ የሚቃጠለው እርሱ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሰው ከተቃጠለ በመጀመሪያ የነካውን ልብስ ያላቁ፤ ከቆዳ ጋር የተጣበቀውን ግን አይጎትቱ። ቀለበትና አምባር ቁስሉ ሳያብጥ ይውለቅ። የተቃጠለውን አካል ቀዝቀዝ ባለ፣ በረዶ ባልሆነ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ያጥቡት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ወይም የቡና ዱቄት መቀባት ሙቀቱን አፍኖ ቁስሉን ያመረቅዛል። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ሸፍነው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ፊት፣ እጅ ወይም ዓይን ከተቃጠለ፣ የተቃጠለውም ሕፃን ከሆነ ፈጽሞ አይዘግዩ።

የየሳምንቱ አምስት ደቂቃ

ውድ አንባቢያችን፤ ራዲያተር ሁልጊዜ አይወልቅም። በየሳምንቱ የሚያስፈልገው የአምስት ደቂቃ ጥንቃቄ ነው። እሑድ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ የትርፍ ውኃ መያዣውን ከውጭ ይመልከቱ። በየጊዜው እየጎደለ ከሄደ ውኃ መጨመር ብቻ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚያፈስበትን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። መኪናው ካደረበት መሬት ላይ እርጥበት መኖሩን፣ ቺንጋው አለመላላቱን፣ የቱቦዎቹንም ሁኔታ ያስተውሉ።

ሥራውን ራስዎ ባይሠሩት እንኳ ማወቅዎ ብቻ ብዙ ይጠቅምዎታል። ወደ ጋራዥ ሲሄዱ «መኪናው ይሞቃል» ብለው ቁልፉን አስረክበው ከመመለስ ይልቅ «ክዳኑን መርምሩልኝ፤ ራዲያተሩ ወልቆ ሲታጠብ የሚወጣውን ውኃ ልየው፤ ቴርሞስታቷ ትሞከር» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። የሚጠይቅ ደንበኛ ያልተሠራ ሥራ ሒሳብ አይከፍልም። ለሴት ልጅዎና ለወንድ ልጅዎም ዕድሜያቸው ሲፈቅድ ከጎንዎ አቁመው ያሳዩአቸው፤ ከሁሉ በፊት ግን የጋለ ራዲያተር ክዳን እንደማይከፈት ያስተምሯቸው።